ባለ ሁለት ዓይኑ ድብ

ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር ልጄ ቤት ሳለሁ የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራ ካርቶን ላይ የምትለጥፈው ሥዕል ነበራትና ሙጫው መሐል ላይ አለቀባት። እናቷ ሱቅ ልትልክ ስትል እኔ በአሮጊት ጉራ ተነሥቼ «ለሙጫ ብሎ ሱቅ የሚላክ ማነው» አልኩና የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጬ ምድጃ ላይ ጣድኩ። እያማሰልኩ ወሬ ጀመርኩ፤ ወሬዬ ደግሞ ቶሎ አያልቅምና ማጣበቂያው ከሥሩ አረረ። ቤቱን ጢስ ሞላው፣ ልጄ እየሮጠች መስኮት ከፈተች፣ የልጅ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀችብኝ፤ እኔ ግን ማማሰያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያ ያረረ የዱቄት ማጣበቂያ ሽታ ከስልሳ ዓመት በፊት የቆሰበር ትምህርት ቤታችን አራተኛ ክፍል የሸተተው ሽታ ነው፤ መምህር ደምሴ በሳሙና ሣጥን፣ በሲሚንቶ ከረጢትና በዚሁ ማጣበቂያ የአገሪቱን ሁለተኛ ቴሌቪዥን ባቋቋመበት ሰሞን።

መምህር ደምሴ የደብረ ማርቆስ ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ከረባቱን ለዝናብም ለጭቃም የማያወልቅ። በዚያ ዓመት ክረምት ለኮርስ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ፒያሳ አንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አይቶ ኖሯል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሲያይ ዣንጥላውን ከብብቱ ሥር ሰርቀውት እንኳ አልታወቀውም። መስከረም ላይ ሒሳብ ሊያስተምረን ገብቶ ሒሳቡን ትቶ ያንን አስተማረን። የዶሮ ቆጥ የምታህል ሣጥን ናት፣ በውስጧ ከረባት ያሰረ ሰው ተቀምጦ ይናገራል አለን። አንዱ ልጅ ተነሥቶ ሰውየው በየት በኩል እንደገባ ጠየቀ፤ ሌላው ምሳውን ማን እንደሚያቀብለው ጠየቀ። መምህር ተናደደና «ሰውየው እኮ እዚያ የለም» አለ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀ አልነበረም፤ ዣንጥላውን የተሰረቀ ሰው ላይ ጥያቄ ማብዛት ነውር መስሎን ነው።

ከዣንጥላው ሌላ ያመለጠው ነገር ግን አልነበረም፤ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ ገዝቶ መጥቷል። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች በአይጥ ስለተበሉ ማን እንደጻፈው እሱም አላወቀ፣ እኛም ሳናውቅ ቀረን። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ባለ ወፍጮ ድሃ ሰው ነበር፤ ወፍጮውን የሚያዞረው ወንዝ በብርድ ጠጥሮ እንደ ድንጋይ ሆነበት። ቤተሰቡ ሊራብ ሲል አንድ ድብ ከጫካ ወጥቶ በመዳፉ በረዶውን ሰባበረለትና ወፍጮው ዞረ። ሰውየው ከደስታው ብዛት ልጄ ከፍ ስትል ትመጣና አንተ ዘንድ ትኖራለች ብሎ ቃል ገባ። ልጅቱ ከፍ ስትል ድቡ መጥቶ ወሰዳት፤ ዋሻው ውስጥ ማር እያበላ አኖራት፤ እሷ ግን ታለቅሳለች። በመጨረሻ አባቷ ጠመንጃውን አንሥቶ ሄዶ ድቡን ገደለና ልጁን መለሰ። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ልጅቱ የድቡ ቆዳ ላይ ተቀምጣ እሳት ስትሞቅ ትታያለች።

ይህንን ነው እንግዲህ መምህር ለቆሰበር ቴሌቪዥን ሊያዘጋጅ የተነሣው። ቀኑም ተቆርጧል፤ ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን። ታሪኩን በአማርኛ እየጻፈ በየቀኑ ያነብልናል፣ እኛም በየቀኑ እናርመዋለን። የሚፈስ ወንዝ ቆሞ ይጠጥራል የሚለውን ከክፍሉ አንድም ሰው አልተቀበለውም፤ ስለዚህ ወንዙ እንደፈሰሰ ቀረና ጎርፍ ያመጣው ግንድ የወፍጮውን ቦይ ዘጋው። ልጅቱ ለምላስ የማይመች ስም ነበራት፣ ጥሩወርቅ ተባለች። ድቡ ነበር መከራው። ድብ ያየ የለም። ጅብ እናድርገው ተባለ፤ ለጅብ ልጁን የሚሰጥ አባት ስላልተገኘ ቀረ። አንበሳ እናድርገው ሲባል መምህር ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንበሳን በባለ ወፍጮ ማስገደል ለሱም ለኛም እንደማይበጅ ነገረን። ዝንጀሮ ሲባል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በኋላ አንዱ የቄስ ልጅ፣ ዳዊት በእረኝነቱ ድብ መግደሉ መጽሐፍ ላይ ስላለ ድብ ማለት ነውር የለበትም አለና ድቡ በመጽሐፍ ምስክርነት ድብ ሆኖ ጸደቀ።

ሥዕሉን እንዲሥሉ የተለመኑት መሪጌታ ፈንቴ ነበሩ፤ የአካባቢውን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሣሉ፣ ጢማቸው ላይ ሁልጊዜ ቀለም የማይጠፋ አዛውንት። የሲሚንቶው ከረጢት ተቀዶ፣ በማጣበቂያ ተያይዞ፣ እንደ መቀነት ረዝሞ ሲቀርብላቸው ብሩሻቸውን አንሥተው ቆዩና መምህርን አንድ ነገር ጠየቁት።

«ይሄ ድብ ጻድቅ ነው ኃጥእ?»

መምህር እንስሳ ነው እኮ ቢላቸው አልሰሙትም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው ግን በጎኑ ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። መሪጌታ በዚህ ሕግ አርባ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸውና የዓይኑን ቁጥር ሳያውቁ ቀለም አይነኩም። «ሥራው ምንድነው?» አሉ። መምህር ታሪኩን ነገራቸው። በላት? አልበላትም። መታት? አልመታትም። ማር አበላት? አዎ። ቃሉን ማን አፈረሰ? አባትየው። «እንግዲያ ነገሩ ግልጽ ነው» አሉና ድቡን ሁለት የሲኒ ያህል ዓይን ሰጡት፤ ገላውን ያየ ስለሌለ ከበግና ከጥጃ አዋጥተው ጨረሱት። ባለ ወፍጮውን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥዕል በጎኑ አዞሩትና በአንድ ዓይን አስቀሩት። መምህር ሥዕሉን ስለሚያዞረው መዘውርና ከሣጥኗ ኋላ ስለሚበራው ፋኖስ እየተጨነቀ ስለነበር ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

የሰው ድምፅ ደግሞ ያስፈልጋል። ባለ ወፍጮውን መምህር ራሱ ሊናገር ሆነ፤ ለልጅቱና ለድቡ እኔ ተመረጥኩ፤ ድምፀ ሸካራ ስለነበርኩ ብቻ ሳይሆን አገውኛም አማርኛም ስለምችል ነው። ከየገጠሩ የሚመጣው ወላጅ አብዛኛው አማርኛው ከገበያ አያልፍም፤ የጫካ አውሬ ደግሞ አማርኛ የት ተማረ ብዬ እኔው ነኝ ድቡ በአገውኛ ይናገር ያልኩት። መምህር አገውኛ አይሰማም፤ እንዳልሽ አለኝ። ድምፁ እንዲከብድ አፌን የተሰበረ ቅል ውስጥ ከትቼ እለማመድ ነበር፤ እቤት ስለማመድ እናቴ ጉንፋን ያዘሽ እያለች ጤና አዳም ታጠጣኝ ጀመር።

እኔ ግን ጉንፋን አልነበረብኝም፣ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ። አባቴ አቶ አያልነህ፣ ፈረሰኛ ነው፣ በሽምግልናም ከዕድሜው በላይ የሚከበር ሰው ነው። ግምጃ ቤት የሚባል አገር ጓንጉል የሚሉት የልብ ጓደኛ አለው፤ ከጉርምስናቸው ጀምሮ ጎን ለጎን ፈረስ የጋለቡ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው እህል የማይቀምስ። ገና ክርስትና ስነሣ ይህቺ ልጅ ለልጅህ ናት ብሎ ቃል ሰጥቶታል። በዚያ ዓመት ፋሲካ ላይ ጓንጉል መጥቶ ተጫውቶ ሲሄድ እናቴ ጥጥ እየፈተለች፣ ቀና ሳትል፣ በጥር ሠርግሽ ነው፣ ከመስከረም ጀምሮ ትምህርት ቤት አትሄጂም አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። መምህር ሰምቶ እቤታችን ድረስ በከረባቱ መጣና አባቴን ለመነው፤ አባቴ በአክብሮት አስቀምጦ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ «ቃል ሰጥቻለሁ መምህር» ብሎ ሸኘው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በአባቴ አገር ቃል የሰጠ ሰው ላይ ሌላ ንግግር የለም። ማታ ማታ ደብተሬን አቅፌ እተኛ ነበር፤ ደብተር እያቀፉ መተኛት ምን እንደሚጠቅም እንጃ እንጂ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነበር፤ ሰው በዝናቡ መጥቶ ክፍላችንን ሞላው። መስኮቱ በጋቢ ተጋርዶ ቤቱ ጨለመ፣ እርጥብ በርኖስና እርጥብ የፈረስ ልባብ ሸተተ፣ ከፊት ለፊት የቀርከሃው አግዳሚ ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ አባቴም መሐላቸው። ሣጥኗ ጠረጴዛ ላይ ናት፤ ፊቷ መስታወት አለው፤ ከጎንና ከጎኗ ሁለት ቀርከሃ ወጥቷል፣ እሱን ሲያዞሩት ወረቀቱ ከአንዱ እየተፈታ በሌላው ይጠቀለላል፤ ከኋላ ፋኖስ በርቷል። መምህር ከኋላ ቆሞ ያዞራል፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር ቅሌን ይዤ ተጣጥፌያለሁ። ከዚያ ሆኜ ከሰው ሁሉ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። የአባቴን እግር ወዲያው ለየሁት፤ በእግር ጣት የሚያዘው እርካብ ያሰፋው አውራ ጣቱ ብቻውን ገንጠል ብሎ ይታያል።

መምህር ጉሮሮውን ጠርጎ «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» የሚለው መልስ ቤቱን አንቀጠቀጠው። ወፍጮው ታየ፣ ግንዱ ታየ፣ ባለ ወፍጮው በአንድ ዓይኑ ብቅ ሲል ከሴቶቹ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። ድቡ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ሲወጣ ደግሞ አንዲት አሮጊት እልል አሉ። እኔ በቅሌ ውስጥ በአገውኛ ሰላምታ ስሰጥ የገጠሩ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጸፋውን መለሰልኝ፤ ድቡም የቤተሰቡን ደህንነት ተጠይቆ፣ ከብቶቹ ደህና መሆናቸውን ተጠይቆ፣ ሁሉንም እግዜር ይመስገን እያለ መለሰ። መምህር ምን እንደሚባባሉ ስላልገባው ላቡን ይጠርጋል። እንዲህ እንዲህ እያልን ልጅቱ ተሰጠች፣ ማር ቀረበላት፣ አለቀሰች፤ በመጨረሻ ባለ ወፍጮው ጠመንጃውን ድቡ ላይ ያነጣጠረበት ሥዕል መስታወቱ ላይ ደረሰ።

«በሕግ አምላክ» አለ አንድ ድምፅ።

አቶ ቸኮል ናቸው፤ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት። በትራቸውን ወደ ሣጥኗ ዘርግተው ቆመዋል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አንድ እርምጃ እንኳ ወደፊት አይሄድም፤ የመምህርም እጅ መዘውሩ ላይ እንዳለ ደረቀ፣ ያን የመሰለ የተማረ እጅ።

«አባቴ፣ ገና አላለቀም እኮ» አለ መምህር።

«ሳያልቅ ነው እንጂ ልጄ፤ ካለቀማ በኋላ ምኑን እንሸመግለዋለን?»

«ሥዕል ነው እኮ፣ ወረቀት ነው።»

«ወረቀት መሆኑንማ እናውቃለን፤ ከረጢቱን ከኔ ቤት አይደል የወሰዳችሁት? ግን ይህ ሁሉ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ልጆቻችን እያዩ፣ ምንም ያልበደለ ሁለት ዓይን ያለው ፍጡር በጥይት ሲወድቅ ዝም ካልን፣ ነገ ሰው ሲጋደል ማን ተነሡ ይለናል?»

ይህን ታሪክ ስናገር ከተማ ያደጉ ሰዎች እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ገበሬ ሥዕሉን እውነት መሰለው ብለው። አልመሰለውም። ቸኮል ከእኔም ከመምህርም በላይ ወረቀት መሆኑን ያውቃሉ። በእነሱ ዘንድ ግን ሰው በተሰበሰበበት የተነገረ በደል፣ ተረትም ይሁን እውነት፣ ሳይዳኝ አይታለፍም። አግዳሚው ተዞረ፣ ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ ከየአቅጣጫው ዳኛ አያልነህ ይሁን ተባለና አባቴ መሐል ተደረገ።

መጀመሪያ የተጠየቀው ባለ ወፍጮው ነው፤ ማለትም መምህር ደምሴ።

«ቃል ሰጥተሃል አልሰጠህም?» አሉት ቸኮል።

መምህር ግራና ቀኝ አየ፤ ማምለጫ የለውም። «ሰጥቻለሁ።»

«ጠመንጃውን ታዲያ ምን አመጣው?»

«ልጄ… ልጄ ናፈቀችኝ።»

«ስትሰጣት እንደምትናፍቅህ አታውቅም ነበር?»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይን ባለው ሰው ነገር እንደማይገረም ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ድቡ ተጠራ። እኔ ይህን አልተለማመድኩም፣ የተጻፈልኝም የለም። አፌን ቅሉ ውስጥ ከትቼ በአገውኛ የመጣልኝን ተናገርኩ። ግንዱን ሳነሣ ምንም አልጠየቅኩም አልኩ፤ ቃል ሲሰጡኝ ተቀበልኩ፤ ቀፎዬን አሟጥጬ አበላኋት፤ እሷ ግን ታለቅሳለች፣ እኔ የሰው ነገር አላውቅምና ለምን እንደምታለቅስ አይገባኝም። ያቺ እልል ያሉት አሮጊት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ነበር አሉ፤ የድቡ ወገን በዝቶ ለባለ ወፍጮው የሣሉት መሪጌታ ፈንቴ እንኳ አልቆሙለትም።

ሁሉም ፍርድ ይሰጥ ሲል አባቴ እጁን አነሣ። «ሦስተኛዋስ? የነገሩ ባለቤት ልጅቱ ናት፤ እስካሁን የጠየቃት ሰው አልሰማሁም» አለ።

እውነተኛ ዳኛ ነበር አባቴ፤ አንድም ወገን ሳይሰማ ፈርዶ አያውቅም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ቅሌን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲያ የተናገርኩት በጥሩወርቅ ድምፅ ይሁን በራሴ እስከዛሬ አላውቅም።

«አባቴ ቃል ሲሰጥ እኔ አልነበርኩም» አልኩ። «ድቡ ክፉ አይደለም፣ ማሩም ጥሩ ነው። እኔ ግን መጽሐፌን ገና አራተኛው ክፍል ላይ አጥፌ ነው የመጣሁት። የቀረውን ማንበብ እፈልጋለሁ።»

ጥሩወርቅ ደግሞ መጽሐፍ የላትም፤ የባለ ወፍጮ ልጅ ናት። መምህር ከላዬ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ የአባቴ እግር እስከዚያ ድረስ መሬቱን ይመታ የነበረው ቆመ። ያ አውራ ጣት ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ እንደገና ታጠፈ። እኔ እሱን እያየሁ ጸሎት ሞከርኩ፤ የመጣልኝ የማባዣ ሰንጠረዥ ብቻ ነበር።

«ድቡ አልበደለም» አለ አባቴ በመጨረሻ፣ በዚያ ለሸንጎ በሚያወጣው ዝግ ያለ ድምፁ። «ውለታ ሠርቶ የተሰጠውን ቃል የተቀበለ አልበደለም፤ ጠመንጃው ይውረድ። የበደለው አባት ነው። ወፍጮውን ቢሰጥ የራሱ ነው፣ በጉን ቢሰጥ የራሱ ነው፤ ያልጠየቃትን ልጅ ግን ሰጠ። ልጅቱ ቤቷ ትመለስ፣ የጀመረችውን ትጨርስ። አባትየው በየዓመቱ አንድ ቀፎ ማር ለድቡ ያስገባ። ድቡም በጉልበት እንዳይመጣባት ዋስ ይጥራ።»

ለድብ ማን ዋስ ይሆናል? ሰው ተያየ። አቶ ቸኮል በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና «እኔ ዋሱ ነኝ» አሉ፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፣ ቤቱ በአሜን ተናጋ።

ቀሪው ችግር የመምህር ነው፤ ከጠመንጃው ቀጥሎ ያለው ሥዕል የድቡ ሬሳ ነዋ። ወደፊት ቢያዞር ፍርድ መጣስ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ቀርከሃውን ወደ ኋላ አዞረው። ባለ ወፍጮው ጠመንጃውን አወረደ፣ የኋሊት እየተራመደ ጫካውን ለቆ ወጣ፤ ማሩ ከልጅቱ ፊት ተነሣ፣ ልጅቱ የኋሊት ቤቷ ገባች። ፍርድ እንዲህ በፍጥነት ሲፈጸም አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ነበርና ጭብጨባው የፋኖሱን ብርጭቆ ሊሰነጥቀው ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በሰፈሩ ጥጃ በጠፋ ቁጥር ሰው ቸኮል ቤት እየሄደ ድብዎን ይጠይቁልን ይል ነበር፤ እሳቸውም ቆጣ ብለው፣ የእኔ ድብ ምሎ ነው የሄደው ይላሉ።

አባቴ እቤት ገብቶ ምንም አላለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ዝም። እኔም እህል ሳልቀምስ ከረምኩ ማለት ይቻላል፣ እናቴ ጤና አዳሙን እንደገና አመጣችው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ፈረሱን ጫነና ወደ ግምጃ ቤት ወረደ። አመሻሽ ላይ ተመልሶ ልጓሙን ሰቀለ፣ ውሃ ጠየቀ፣ ጠጣ፤ እኔን አላየኝም። መስከረም ብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን በር ላይ ቆሞ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂ እንጂ» አለኝ፤ ያን ያህል ነው ያወራነው። አምስተኛ ክፍል ገባሁ፣ ስድስተኛን ጨረስኩ፣ ለሰባተኛ ዳንግላ ሄድኩ።

መምህር ደምሴ በሁለተኛው ዓመት ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ ሣጥኗ የትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ምስጥ በላት። እኔ ደግሞ አድጌ መምህርት ሆንኩ፣ ከዚያም የውጭ አገር የልጆች ታሪኮችን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለመጽሐፍም ለቴሌቪዥንም ማዘጋጀት እንጀራዬ ሆነ። ስንት ወንዝ እንዳቀለጥኩ፣ ስንት የሚቸግር ስም ጥሩወርቅ እንዳልኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አሁን የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ስታይ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ድቡ ጠጉሩ አንድ ባንድ ይታያል፤ ተኩሰው ይገድሉታል፣ እሷም ሌላ ትከፍታለች። እጇን የሚይዛት ቸኮል የለም። እኔ አንድ ቀን ሞክሬ በሕግ አምላክ ብዬ ነበር፤ ልጅቷ በጣም ደንግጣ እናቷን ጠራች።

ይህን የድቡን ታሪክ ዕድሜዬን ሙሉ በየድግሱ ሳወራው ኖሬያለሁ፤ ጥበበኛው ዳኛ በወረቀት ድብ ተጠልፎ በራሱ ላይ እንዴት እንደፈረደ። አባቴ በሕይወት ሳለ እሱ ባለበትም አውርቼዋለሁ፣ ከሰው ጋር አብሮ ይስቅ ነበር። ድምፄን ለይቶ እንደነበር ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ቅሉን ሳስቀምጥ አልሰማኝም ብሎ ማመን ሞኝነት ነው፤ ምናልባትም ከቃሉ የሚወጣበት በር ሲፈልግ ከርሞ በሩን ከጠረጴዛ ሥር የከፈትኩለት እኔ እሆናለሁ። ይህን ራሴን ማባበያ ብዬ ይዤው ስኖር፣ አባቴ ከተቀበረ በኋላ እናቴ አንድ ነገር ነገረችኝ።

እኔ ዳንግላ በገባሁበት ዓመት ጓንጉል ሞተ። አባቴ ሲሰማ ፈረሱን ሸልሞ ግምጃ ቤት ሄደ፤ በአገራችን ለቅሶ ፈረሰኞች ለሟች ክብር ይጋልባሉና ለጓደኛው ሊጋልብ። የሟች ወንድሞች መንገድ ላይ ጠበቁትና፣ ቃሉን ለበላ ሰው እዚህ ቦታ የለም አሉት። ከለቅሶው ሜዳ ማዶ ካለው ጉብታ ላይ ከፈረሱ ወርዶ፣ ልጓሙን እንደያዘ፣ ፈረሰኞቹ ግልቢያቸውን ጨርሰው ሰው ተበትኖ እስኪያልቅ ቆሞ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ፈረስ አልጋለበም፤ እኔ እድሜ ነው እያልኩ ነበር።

ጓንጉል የተቀበረው በአዘቦት ቀን ነው፣ ረቡዕ። ስለዚህ እኔ ዳንግላ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። በዚያን ቀን ምን እንደተማርን ላስታውስ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አንድም ነገር ትዝ አይለኝም።